የስፔንን ጭር ያለ ገጠር በብስክሌት

በአማርኛ «ጸጥ ያለ» እና «ጭር ያለ» ይመሳሰላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ጸጥ ያለ ቤት ሰው አለበት፤ ጫጫታ ብቻ የለም። ጭር ያለ ቤት ግን ሊኖርበት የሚገባው ሰው የለም። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ያገኘኋቸው በምሥራቅ ስፔን ነው። ባለፈው ግንቦት ከአሥራ አራት ዓመት ልጄ ጋር ከቴሩዌል ከተማ ተነሥተን እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በሦስት ቀን በብስክሌት ሄድን።

የሄድንበት ዓይነት መንገድ ቪያ ቬርዴ ይባላል፤ በስፓኒሽ «አረንጓዴ መንገድ» ማለት ነው። ስፔን ከ1993 ጀምሮ ባቡር የማይሄድባቸውን የድሮ የሐዲድ መስመሮች ለእግረኞችና ለብስክሌት እያዘጋጀች ነው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲህ ያለ መንገድ አለ። የእኛ መንገድ ስም ኦኾስ ኔግሮስ ነው፤ «ጥቁር ዓይኖች» እንደ ማለት። የአንድ መንደር ስም ነው። በዚያ መንደር አጠገብ የብረት ማዕድን ይቆፈር ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ አንድ የማዕድን ኩባንያ ከዚያ እስከ ሳጉንቶ ወደብ ድረስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ዘረጋ። ባቡሩ እስከ 1972 ሠራ፤ ከዚያ ቆመ።

ብረት የጫነ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን በዋሻ በሱት፤ ሸለቆውን በድልድይ ተሻገሩት። ለባቡር ተብሎ የተስተካከለው መንገድ ዛሬ ለልጆችም ለአዋቂዎችም ይመቻል። ከቴሩዌል ሲነሡ መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል። ኤስካንዶን የሚባለው ከፍተኛ ቦታ ላይ ሲደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,218 ሜትር ላይ ናቸው። ልጄ «ዳገቱ የታለ?» እያለች ነው የወጣችው፤ እግሬ ግን የት እንዳለ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በላይ ሜዳው ሰፊ ነው። ነፋሱ የጦስኝና የጥብስ ቅጠል ሽታ ያመጣል፤ ሁለቱም በመንገዱ ዳር ሳይዘሩ ይበቅላሉ። ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ከላያችን ይዞራሉ። በአልቤንቶሳ አጠገብ ባለው ከፍ ያለ ድልድይ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ፣ የምንሰማው የውኃ ድምፅና የራሳችንን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ይህ ጸጥታ ነው፤ ደስ ይላል።

ወደ መንደሮቹ ስንገባ ግን ሌላ ነገር አየን። ቤቶቹ ከድንጋይ የተሠሩ፣ የሚያምሩ ናቸው። ብዙዎቹ በሮች ግን ተዘግተዋል። አንዳንዱ ጣራ ወደ ውስጥ ወድቋል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰዓቱን ይቆጥራል፤ በአደባባዩ ላይ ግን የሚሰማው ሰው የለም። በቴሩዌል ክፍለ ሀገር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖረው ሰው ከ10 በታች ነው። በመላው ስፔን ሲሰላ ከ90 በላይ ነው። ይህ እንግዲህ ጭር ያለ አገር ነው።

ሰዎቹ የት ሄዱ? ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትራክተር የብዙ ገበሬዎችን ሥራ ወሰደ። በዚያው ጊዜ በባርሴሎና፣ በቫሌንሲያና በማድሪድ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር። ሌሎች ደግሞ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጀርመንና ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። ወጣቶቹ ሲሄዱ ልጆች አልተወለዱም። ልጆች ሲጠፉ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ትምህርት ቤት የሌለበት መንደር ደግሞ አዲስ ቤተሰብ አይመጣም። ስፔኖች ይህን ገጠር «የተራቆተው ስፔን» ይሉታል። የቴሩዌል ሰዎች በ1999 «ቴሩዌልም አለ» የሚል ስም ያለው እንቅስቃሴ ጀመሩ። ባቡር፣ መንገድና ሐኪም ይፈልጉ ነበር። በ2019 ምርጫ እንቅስቃሴው በፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት አንድ ወንበር አገኘ።

በአንዱ መንደር የአደባባዩ ምንጭ ላይ ውኃ ስንቀዳ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ልጄን ጠሯት። በትምህርት ቤት ስፓኒሽ ትማራለች። አንድ ጥያቄ ጠየቋት፤ እሷም ሳቀችና ወደ እኔ ጠቆመች።

«አባዬ፣ ‹የማን ልጅ ነሽ?› ነው የሚሉኝ! ልክ እንደ ደሴ ሰዎች!»

እውነቷን ነው። በስፔን ገጠር ሰው ስምን ከመጠየቁ በፊት «የማን ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። አያትሽ ማን ናቸው? የትኛው ቤት የእናንተ ነው? ሽማግሌው እኛ እንግዶች መሆናችንን በደንብ ያውቃሉ፤ ለጨዋታ ነበር የጠየቋት። ከዚያ ስለ ራሳቸው ልጆች አወሩን። ሦስቱም የሚኖሩት ባርሴሎና ነው። «ነሐሴ ላይ ኑ» አሉን። «በነሐሴ ማረፊያ ቦታ አታገኙም።»

በነሐሴ ወር የሄዱት ሁሉ ይመለሳሉ። የተዘጋው በር ይከፈታል፤ የመንደሩ በዓል ይከበራል፤ በከተማ የተወለዱ የልጅ ልጆች በአደባባዩ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታሉ። እነዚህ ልጆች ባርሴሎና ተወልደው፣ ባርሴሎና አድገው፣ መንደሩን «የእኔ ፑዌብሎ» ይሉታል። ፑዌብሎ መንደርም ሕዝብም ማለት ነው። እኛም «አገርሽ የት ነው?» ስንባል ብዙ ጊዜ የምንመልሰው የተወለድንበትን ሳይሆን የወላጆቻችንን ቦታ ነው። ልጄ ያን ማታ ብስክሌቷን እየቆለፈች «እኔ በዓመት ስንት ቀን ነው ደሴ የምሄደው?» አለችኝ። ቆጠርን። ባለፉት አምስት ዓመታት ሃያ ሁለት ቀን ሆነ። ለባርሴሎናዎቹ ልጆች አንድ ሙሉ ነሐሴ እንኳ አይሞላም። ሁለታችንም ዝም አልን።

በሦስተኛው ቀን ቁልቁለቱ ወደ ሙቀት አወረደን፤ የወይራና የብርቱካን ዛፎች ብቅ አሉ። በሴጎርቤ ከተማ 50 ቧንቧ ያለው ምንጭ አለ። በቧንቧዎቹ ላይ የስፔን ክፍላተ ሀገር አርማዎች ተቀምጠዋል። ልጄ የቴሩዌልን ፈልጋ ኮዳዋን ከዚያ ሞላች። በሳጉንቶ ወደብ ደግሞ የድሮው የብረት ማቅለጫ ቆሟል። እሱም በ1984 ሥራውን አቁሟል፤ ዛሬ ለታሪክ ተጠብቆ ይታያል።

ለመሄድ ከፈለጋችሁ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት ጥሩ ነው። ቴሩዌል በክረምት ከስፔን በጣም ቀዝቃዛ ቦታዎች አንዱ ነው። ለዋሻዎቹ መብራት፣ መለወጫ የውስጥ ጎማና ብዙ ውኃ ያዙ። ከከተማ ውጭ የራስ ቁር ማድረግ ግዴታ ነው፤ መኪና ብስክሌትን ሲቀድም ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። ከምሳ በኋላ ሱቆች ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋሉ። ዳቦና አይብ ከትልቅ ከተማ ጭናችሁ አትምጡ፤ ከመንደሩ ሱቅ ግዙ። ያ ሱቅ ከተዘጋ፣ አደባባዩ ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌ የሚቀርበው ዳቦ ሌላ መንደር ነው። ስታልፉም «ቡዌኖስ ዲያስ» በሉ። በዚያ አገር ሰላምታ ሳይመለስ አይቀርም።