ወተት እስኪወርድ ያሉት ቀናት

ልጅ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት «ወተቷ ገና አልወረደም» እየተባለ የሚነገረው ቃል፣ በጎጃም ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ለጋ ቅቤ ወደ ጨቅላው አፍ እንዲገባ ምክንያት ሆኖ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ቃል ነው። ለጋ ቅቤ የሚባለው ገና ከተናጠው እርጎ የወጣ፣ እሳት ያልነካውና ያልተነጠረ ቅቤ ሲሆን፣ የልጁን ጉሮሮ ያርሳል፣ አንጀቱን ያለሰልሳል፣ የእናቱ ጡት እስኪሞላም ያቆየዋል ተብሎ ይታመናል። ቅቤውን የሚያቀምሱት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑን ከማንም አብልጠው የሚወዱት አያቶቹ ናቸው፤ ነገር ግን ድርጊታቸው የቆመው ያላጋተ ጡት ባዶ ነው በሚል ግምት ላይ ነው፤ ግምቱም ትክክል አይደለም።

ጡት ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ እንገርን፣ ማለትም ወፍራምና ወደ ቢጫነት የሚያደላውን የመጀመሪያ ወተት፣ ያዘጋጃል። በእርግዝና ጊዜ ወተቱ በብዛት እንዳይመረት የሚገታው ፕሮጀስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው፤ ሆርሞን ማለት በደም ተጉዞ የሰውነትን ክፍሎች ሥራ የሚያዝ ንጥረ ነገር ነው። ሕፃኑ ተወልዶ እንግዴ ልጁ ሲወጣ ግን የዚህ ሆርሞን መጠን በፍጥነት ይወርድና ፕሮላክቲን የተባለው ወተት አምራች ሆርሞን ያለ ከልካይ ሥራውን ይጀምራል፤ ከዚያም ከወሊድ በኋላ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ጡቱ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ያጋታል። ሴቶች «ወተቷ ወረደ» የሚሉት ይህንን ነው። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች፣ በቀዶ ሕክምና በተገላገለች፣ የስኳር ሕመም ባለባት ወይም በምጥ ጊዜ ብዙ ደም በፈሰሳት እናት ላይ ከ72 ሰዓት በላይ ሊዘገይም ይችላል።

በመጀመሪያው ቀን የሚገኘው እንገር በአማካይ ከ40 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ በአምስተኛው ቀን ግን ወተቱ ወደ ግማሽ ሊትር ይደርሳል። የመጀመሪያው ቀን መጠን ለዓይን ትንሽ ቢመስልም ጤነኛ ሆኖ ቀኑን ጠብቆ ለተወለደ ልጅ ይበቃዋል፤ ምክንያቱም ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ማንኪያ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ከክብደቱ ጥቂት መቀነሱም የሚጠበቅ ነው። በዚህች ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ የአንጀትን ግድግዳ ከተሕዋስያን የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላት፣ ነጭ የደም ሕዋሳትና ቫይታሚን ኤ በብዛት ይገኛሉ፤ እንገሩ ጥቁሩንና ሙጫ መሰሉን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ጠርጎ በማስወጣትም የልጁን የቢጫነት ሕመም ይቀንሳል። አንጀትን ማጽዳት ነው የተፈለገው ከተባለ፣ ቅቤው ይሠራል የተባለውን ሥራ እንገሩ ያለ ረዳት ይሠራዋል።

የጎጃም ገበሬ ይህን ጉዳይ በከብቱ በረት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ላሚቱ ስትወልድ ጥጃው እንገሩን ሳይጠባ ቢያድር እንደሚደክምና ለሞት እንደሚቃረብ ስለሚያውቅ፣ ገና ያልቆመውን ጥጃ ደግፎ ወደ ላሚቱ ጡት ያስጠጋዋል። የሰው ልጅ ከጥጃ የተሻለ ስንቅ ይዞ እንደሚወለድ እርግጥ ነው፤ ጥጃ ያለ እንገር ፀረ እንግዳ አካል የለውም፣ ሕፃን ግን ከፊሉን በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ ተቀብሎ ይመጣል፤ አንጀቱን የሚጠብቀውን ክፍል ግን እርሱም የሚያገኘው ከእንገር ነው። በረቱ ውስጥ ያለው ዕውቀት ወደ አራስ ቤት ሲገባ የሚጠፋበት ምክንያት አሳዛኝ ነው፤ የእናት እንገር «የቆየ»፣ «የተበላሸ» ወተት ተብሎ በመሬት ላይ የሚታለብበት ቤት ዛሬም አለና።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጎርስ የሚመክረው በልማድ አይደለም። በጋና ኪንታምፖ በተባለ አካባቢ ወደ 11 ሺህ በሚጠጉ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ሁሉም ሕፃናት በመጀመሪያው ሰዓት ቢጠቡ ከጨቅላዎች ሞት 22 በመቶውን ማስቀረት እንደሚቻል አስልቷል። ሕፃኑ ሲጠባ ኦክሲቶሲን የተባለ ሌላ ሆርሞን ይመነጫል፤ እርሱም ወተቱን ወደ ጡቱ ጫፍ ከመግፋቱ በላይ ማኅፀኑን አኮማትሮ የእናቲቱን ደም መፍሰስ ይቀንሳል። ቅቤ ጠግቦ የተኛ ልጅ ግን አይጠባም፤ ያልተጠባ ጡትም ወተቱ ይዘገያል፤ ወተቱ ሲዘገይ «አላልንም?» ይባልና ሁለተኛው ቅምሻ ይከተላል።

በሞጣ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 በእናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ከአምስት እናቶች አራቱ ያህል በመጀመሪያው ሰዓት እንዳጠቡ አሳይቷል፤ ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ነገር ግን በዚያው ከተማ እስከ ስድስት ወር ያለ ውኃና ያለ ሌላ ምግብ ጡት ብቻ ያጠቡት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከተማው እንዲህ ከሆነ ከመንገድ የራቀውን ቀበሌ ማሰብ አይከብድም።

ስለ ቅቤው ግን ሳይነገር መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ። አያቶች የሚያወድሱት ቅቤ በገዛ ቤታቸው የተናጠውን፣ የላሚቱን ስምና ጠባይ ጭምር የሚያውቁትን ቅቤ ነበር፤ ዛሬ ግን ላም የሌለው ቤት ቅቤውን ከገበያ ይገዛል፣ በየገበያው ደግሞ ሙዝና የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበት ቅቤ መሸጡ አገር ያወቀው ነገር ሆኗል። ዋጋውም ሌላ ቁስል ነው፤ አንድ ኪሎ ቅቤ ለመግዛት የሚጨነቅ አባወራ የተጠየቀው ዋጋ ሳያንሰው ባዕድ ነገር ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የነጋዴው ቅጥፈት በወጥ ውስጥ ቢገባ ወጡ ይበላሻል፤ በዕለት ሕፃን አፍ ሲገባስ? በጨዋታ መልክ ለመናገር፣ የጎጃም ልጅ ገና እንደተወለደ በቅቤ ስም የአርባ ምንጭ ሙዝ ሲቀምስ ከአያቶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚቃወመው እርሱ በሆነ ነበር፤ አፍ ቢኖረው። ቅቤው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ተስማሚ ቦታው የማርያም ገንፎ መካከል ነው፤ ገንፎውም የእናቲቱ ነው።

የወተቱን መውረድ የሚያውከው ቅቤው ብቻ አይደለም፤ አራስ ጠያቂዎችም አሉ። አብዛኞቹ አጥሚት ይዘው፣ እልል ብለው፣ መርቀው የሚሄዱ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከጠያቂዎቹ መካከል ግን አንዷ በአራሷ ጡት ላይ ዓይኗን ጥላ «ምነው ልጄ፣ ጡትሽ ደረቀ እንዴ?» ትላለች። ድካም፣ ሕመምና ድንጋጤ የኦክሲቶሲንን መፍሰስ ለጊዜው ሊያውኩ እንደሚችሉ የታወቀ ስለሆነ፣ ይህች አንዲት ጥያቄ ጠያቂዋ ከወጣች በኋላም የወተቱን መፍሰስ እያወከች በቤቱ ውስጥ ልትቆይ ትችላለች።

ችግሩ የሚጠነክረው ጊዜው ባለመገጣጠሙ ነው። በጤና ተቋም የወለደች እናት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ቤቷ ትሸኛለች፤ ወተቱ የሚወርደውና ጡቱ ድንጋይ ሆኖ የሚያመው፣ ልጁም አልጎርስ ብሎ የሚያለቅሰው ከዚያ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሦስተኛው ቀን እናትና ልጅ እንዲታዩ የሚመክረው ስለዚህ ነው፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወሊድ በኋላ በሁለት ቀናት ውስጥ የታዩት እናቶች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ደግሞ 34 በመቶ ደረሱ። በእነዚያው ዓመታት የጨቅላዎች ሞት ከሺህ 29 ወደ 33 እንጂ ወደ ታች አልሄደም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልልን የናጠው ግጭት መንገዱን ሲዘጋው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በእግሯ ትደርስበት የነበረው ቤትም ራቀ። በዚያች በሦስተኛው ቀን ማንም የሠለጠነ ሰው በሌለበት፣ አልጠባ ያለው ልጅ እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰዳል፤ መድኃኒቱ ግን ልጁን ደረት ለደረት አቅፎ አፉ በሰፊው ሲከፈት የጡቱን ጥቁር ክፍል ጭምር ማስጎረስ፣ በቀንና በሌሊት ከስምንት ጊዜ በላይ ማጥባት፣ አልጎርስ ካለም እንገሩን በንጹሕ እጅ አልቦ በማንኪያ መስጠት ነበር።

ሁሉም መዘግየት ግን በዚህ አይፈታም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጡቷ ያላጋተ እናት የእንግዴ ልጅ ቁራጭ በማኅፀኗ ቀርቶ ፕሮጀስትሮኑ ሳይወርድ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና መመርመር አለባት። በአምስተኛው ቀን ሽንቱ ከስድስት ጊዜ ያነሰ፣ ዓይነ ምድሩ ከጥቁርነት ያልተለወጠ፣ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ወይም ዓይኑ እጅግ ቢጫ የሆነ ሕፃን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ ያለበት በዚያው ቀን ነው፤ እስከሚቀጥለው ገበያ የሚቆይ ነገር አይደለም።