ለገበጣ የመረጥሁት መሣሪያ

ገበጣን በኮምፒዩተር ለማሰናዳት በተነሣሁ ጊዜ ወዳጆቼ ውድ የግራፊክስ ካርድ ያለውን መሣሪያ እንድገዛ መከሩኝ። ለመሆኑ ጉድጓዶችና ጠጠሮች ብቻ ለሚታዩበት ጨዋታ ይህ ሁሉ ወጪ ምን ይፈይዳል? 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ በቃኝ።

ብዙ ያሰብሁት በሥርዓተ ክወናው ነው። አብዛኛው ተጫዋች የሚገለገለው በዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ግን የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም፤ የውስጥ ጽሑፉም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመርማሪ ሁሉ ክፍት ነው። ተማሪ ከጨዋታው አልፎ ጨዋታውን የተሸከመውን ሥርዓት ጭምር ገልጦ እንዲያጠና ስለምሻ ሊኑክስን ያዝሁ።

የጨዋታ መሥሪያው ጎዶ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነፃ የሚታደል ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከሳሙኤል ቤኬት ተውኔት ነው፤ ለጸሐፌ ተውኔት ይህም ራሱ አንድ ምክንያት ነው! በሊኑክስ ያሰናዱትን ለዊንዶውስም ማውጣት ያስችላል። ይሁን እንጂ የፊደላችን መልክ ከሥርዓት ሥርዓት ይለዋወጣልና፣ የፊደሉን ቅርጽ ከጨዋታው ጋር አብሬ አስገባለሁ።