ካርዱን እምቢ ያለው ማን ነው?

 

በእኛ መስጂድ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ የወጣቶች ነው። ቁርኣን ሊያሰማን ከሚመጣው ጎን ስልኩን ይዞ «ኡስታዝ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» የሚል አይጠፋም። ቀድሞ የሚያሳዩን የፈተና ውጤት ነበር። አሁን አሁን «ክፍያዎ አልተሳካም» የሚል ቀይ ጽሑፍ በዝቷል።

ከነዚህ አንዷ ማሌዥያ ላለ ዩኒቨርሲቲ ልታመለክት የተነሳች እህታችን ናት። የማመልከቻው ጊዜ ቅዳሜ ማታ ያበቃል፤ ወደ እኛ የመጣችው ረቡዕ ነው። ቪዛ የሚል ምልክት ያለበትን የአገር ውስጥ ባንክ ካርዷን አምስት ጊዜ ሞክራለች፤ አምስቱንም ጊዜ እምቢ ብሏታል። «ዩኒቨርሲቲው ኢትዮጵያውያንን አይፈልግም መሰለኝ» አለችን።

እንዲህ አይደለም። «ክፈል» የሚለውን ስንነካ ጥያቄው ከድረ ገጹ ወደ ሻጩ ባንክ፣ ከዚያ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መስመር በኩል ካርዱን ወደሰጠን ባንክ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ እምቢ የሚለው ይህ የመጨረሻው፣ የራሳችን ባንክ ነው። ለሻጩ የሚደርሰው አጭር ቁጥር ብቻ ነው፤ 51 ገንዘቡ አይበቃም፣ 54 የካርዱ ጊዜ አልፏል፣ 57 ለዚህ ካርድ ይህ ዓይነት ክፍያ አልተፈቀደም ማለት ነው። 05 ደግሞ «አትቀበለው» ብሎ ዝም ይላል፤ ምክንያት የለውም። ስለዚህ ከሻጩ ጋር መጨቃጨቅ ጊዜ መጨረስ ነው። ባንካችን ደውለን በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ክፍያ ለምን ተከለከለ ብለን እንጠይቅ።

የእህታችን ጉዳይ ግልጽ ነበር። የብር ሒሳብ ካርድ ላይ የቪዛ ምልክት ስላለ ብቻ ዶላር ይከፍላል ማለት አይደለም። ለውጭ ሻጭ የሚከፈለው የውጭ ምንዛሬ ነው፤ እሱን ደግሞ ባንኩ በሕግ በተፈቀደለት መንገድ ብቻ ነው የሚሰጠው። በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም ቢሆን ተራው የብር ካርድ በራሱ አልተከፈተም። የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ያለው ወይም ለጉዞ ዶላር የተሞላበት ካርድ የወሰደ ሰው ይከፍልበታል፤ የእሷ ግን አንዱም አልነበረም። መቶ ጊዜ ብትሞክረው ያው ነው። እንዲያውም ደጋግሞ መሞከር ጤነኛውን ካርድ ጭምር ሌባ የያዘው አስመስሎ ያስዘጋል።

ሪያድ ሰው ቤት የሚሠሩ አክስት አሏት። «የካርዳቸውን ፎቶ በኢሞ ይላኩልኝና እዚሁ እሞላዋለሁ» አለች። ይህን ከለከልናት። የካርድ ቁጥርና ከጀርባው ያሉት ሦስት ቁጥሮች የሰው ኪስ ናቸው፤ ፎቶው በስንት ስልክ እንደሚዞር አይታወቅም። ደግሞም አይሠራም ነበር። ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድ የሚደርሰው ሪያድ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ እሳቸው ደግሞ በሥራ ሰዓት ስልክ አይዙም። በዚያ ላይ ልጅቷ ቪፒኤን ከፍታ ነበር። ካርዱ ሪያድ፣ ከፋዩ ፍራንክፈርት ሲመስል የትኛው ጠባቂ አይጠራጠርም?

ስለዚህ ነገሩን ገለበጥነው። የማመልከቻ ገጿን መግቢያ ላከችላቸውና ዓርብ በእረፍታቸው ራሳቸው፣ በራሳቸው ስልክ እንዲከፍሉ ተስማሙ (የይለፍ ቃሉን በኋላ ቀይራዋለች)። መጀመሪያ እምቢ አለ። ካርዳቸው ለውጭ አገር የኢንተርኔት ግብይት ተዘግቶ ነበር፤ በባንኩ አፕ ከፈቱት። ሒሳቡ ውስጥም ከክፍያው ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ እንዲኖር አደረጉ፤ ምክንያቱም የምንዛሬ ክፍያ ይጨመርበታል። በሁለተኛው አለፈ።

አንዳንዴ ደግሞ ድረ ገጹ «አልተሳካም» ብሎ ገንዘቡ ከሒሳብ የጎደለ ይመስላል። ባንኩ ፈቅዶ ሻጩ ሳይጨርሰው ሲቀር ገንዘቡ ተይዞ ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቀቃል። ስክሪንሾቱን ያዙ፤ ተሎ ብላችሁ ደግማችሁ አትክፈሉ። ሌላው የሚያስቀን ነገር የቀን ጉዳይ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ወርና ዓመት የፈረንጅ ነው፤ ወደኛው አቆጣጠር ለውጦ የሚሞላ ልጅ አጋጥሞናል።

ካርዱ ዴቢት ነው ወይስ በወለድ የሚያበድር የሚለውን ጥያቄ ወደ ዑለማኦቻችን ውሰዱት፤ በቴሌግራም ኮሜንት አይፈታም።

አንድ ነገር ግን ዝም ብለን አናልፍም። «ማንኛውንም ክፍያ እንከፍላለን» የሚሉ የቴሌግራም ልጆች አሉ። ከነሱ ውስጥ በራሱ ካርድ በሐቅ የሚሠራ ይኖራል። ነገር ግን የተሰረቀ ካርድ ቁጥር የሚጠቀምም አለ። ባለቤቱ ባንኩ ሄዶ «እኔ አልከፈልኩም» ሲል ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ይወሰዳል፤ ማመልከቻው በእናንተ ስም ስለሆነ የሚሰረዘውም የእናንተው ነው። የማታውቁት ሰው ሐቅም በአንገታችሁ ላይ ይቀራል። እህታችን ረቡዕ ማታ ከአንዱ ጋር ዋጋ ተነጋግራ ነበር፤ ብሩን ሳትልክ ነው የደረስንባት።

የመቀበያ ደብዳቤውን ገና እየጠበቀች ነው። አክስቷ ገንዘቡን ሐዲያ ነው ብለው አልቀበልም ብለዋል። በዚህ ሳምንት ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያ እምቢ ያለው ወንድም መጥቶልናል፤ ሰኞ ፓስፖርቱን ይዞ ባንክ ሄዶ የትኛው ካርድ እንደሚፈቀድለት ይጠይቃል፣ ኢንሻአላህ።