ሯጭ ይወጣታል ወይስ ቪዛው ይምጣላት?

እኛ ሽሮ ሜዳ ያደግን ልጆች ሁላችንም አሠልጣኞች ነን። ማልደን ታክሲ ስንጠብቅ ቱታ የለበሰ ልጅ ወደ እንጦጦ ማርያም ዳገቱን ሲያያዘው እናያለን። ገና ከዓይናችን ሳይሰወር ፍርዳችንን እንሰጣለን። «ይሄ እግሩ ቀጭን ነው፣ ይሆናል!» «ያቺኛዋ ከባድ ናት፣ ባትለፋ ይሻላታል!» ልጁ ይህን ሳይሰማ ዳገቱን ይወጣል፤ እኛም ታክሲያችን ይመጣና እንሄዳለን። ፍርዱ ግን ሰፈር ውስጥ ይቀራል፤ ዞሮ ዞሮ የልጁ እናት ጆሮ ይደርሳል።

እንዲህ ያለው ፍርድ የኛን ቤት ያንኳኳው ባለፈው ክረምት ነው። የአክስቴ ልጅ ከሰሜን ሸዋ ገጠር መጥታ ከኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች፣ እንጦጦ ትወጣለች፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጭቃ በጭቃ ሆና ትመለሳለች፤ ማታ ደግሞ ትማራለች። ግንቦት ላይ አንድ የአሥር ኪሎ ሜትር ውድድር ገባችና አርባ አንደኛ ወጣች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም አጣ። ዓረብ አገር ያለችው ታላቅ እህቷ «ቪዛ እልክላታለሁ፣ ትምጣና ትሥራ» አለች። አጎቴም ደገፋት። «አርባ ሰው ቀድሟት ምን ትጠብቃለች? ደራርቱ እኮ በሃያ ዓመቷ ባርሴሎና ላይ ወርቅ አምጥታለች!» አለ። እውነቱን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ስታጠልቅ ዕድሜዋ ሃያ ነበር። በአጎቴ ሒሳብ የኛ ልጅ የቀራት ሁለት ዓመት ነው።

እናቴ መሐል ቤት ቆመች። ወዲያ ስትል ልጅቷ ታሳዝናታለች፣ ወዲህ ስትል የእህቷ ገንዘብ ይታያታል። በመጨረሻ ወደኔ ዞረች። «አንተ ጋዜጣ ላይ ሰው ትመክር የለ? እስቲ ጠይቅና ንገረን፣ ይቺ ልጅ ሯጭ ይወጣታል አይወጣትም?»

እኔ ሯጭ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ የስፖርት ውጤቴ ከክፍሉ የመጨረሻው ነበር ማለት እችላለሁ። ግን እናት ጠይቃ እምቢ አይባልም። ጥቅምት ላይ ሦስት ቅዳሜ ተከታትዬ እንጦጦ ወጣሁ።

እንጦጦ ማርያምን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ የጫኑባት ደብር ናት። ከቤተ ክርስቲያኗ አለፍ ሲሉ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ መኪናውና ጎብኚው በዝቷል፤ ሯጮቹ ግን አሁንም ጫካውን ነው የሚወዱት። አንዱ ከፊት ይመራል፣ ሌሎቹ እግር በእግር ይከተሉታል። ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ በዛፎቹ መሐል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ፣ ሥርና ድንጋይ እየዘለሉ ነው። በዚያው መንገድ ከራሳቸው የሚበልጥ እንጨት ተሸክመው እናቶች ይወርዳሉ። ሯጮቹ መንገድ ይለቁላቸዋል። (ጥንካሬ ይለካ ከተባለ፣ እኔ ሜዳሊያውን ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ።)

እዚያ ያገኘሁት ሰው ዱሮ ሯጭ የነበረ፣ ዛሬ ወጣቶችን የሚያሠለጥን ነው። ስሜን አትጻፍ ብሎኛል። እኔ የያዝኩት ጥያቄ የአጎቴ ነበር፦ «ስንት ሰዓት ከሮጠች ነው ትሆናለች የሚባለው?»

ሳቀብኝ። «እዚህ ሰዓት ይዘህ ከመጣህ ትታለላለህ» አለኝ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ጫካው ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ መሬቱ ለስላሳ ነው። እዚህ የሚመጡት ትንፋሽና ጉልበት ሊያጠራቅሙ ነው። ለፍጥነቱ ወደ ሰንዳፋ አስፋልት ወይም ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። እና እንጦጦ ላይ የተያዘን ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይቺ ዘገምተኛ ናት» ማለት፣ ጭቃ ውስጥ የገባን መኪና አይቶ ሞተሩ ሞቷል እንደማለት ነው።

ሰዓት ካልሆነ ታዲያ ምን? አሠልጣኙ አዲስ ልጅ ሲመጣለት መጀመሪያ «ስንት ዓመትሽ ነው?» አይልም። የሚጠይቀው «ስንት ዓመት ሠለጠንሽ?» ብሎ ነው። አርባ ደቂቃ የሮጡ ሁለት ልጆች እኩል አይደሉም። አንዷ አራት ዓመት በአሠልጣኝ ተገርታ ነው አርባ ደቂቃ የገባችው፤ ሌላዋ ስድስት ወር በቅጡ ሳትሠለጥን፣ ሽሮ በልታ፣ በሰው ጫማ ሮጣ። የመጀመሪያዋ ያላትን አውጥታ ጨርሳ ሊሆን ይችላል። የሁለተኛዋ ገና አልተነካም።

ስለ ዕድሜ ያልጠየቀበትም ምክንያት አለው። ጎበዝ፣ እንነጋገር ከተባለ ይሄ የዕድሜ ነገር የአገራችን አትሌቲክስ የአደባባይ ምስጢር ነው። ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያመጣ፣ ዓለም ከሩጫው እኩል ስለ ዕድሜው ይጨቃጨቅ ነበር። የምሩጽስ ማንንም አልጎዳም፣ ከአዋቂ ጋር ነው የሮጠው። የሚጎዳው የወጣቶቹ ውድድር ላይ ሲሆን ነው። ወረቀት ላይ አሥራ ሰባት የሆነች የሃያ ሁለት ዓመት ሴት እውነተኛዋን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጥላት ትሄዳለች። ሕዝቡ ለአንዷ ያጨበጭባል፤ የሌላዋ ቤተሰብ «የኛዋ አይሆናትም» ብሎ ቪዛ ይፈልጋል።

እስቲ ዱሮን እንይ። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያ አላለፈም። ያን ቀን የሽሮ ሜዳ ዳኞች እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ምን ይሉት ነበር? ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ አጠለቀ። በአርባ ዓመቱ ደግሞ ሙኒክ ላይ ነሐስ ጨመረ። ልጁ አልነበረም የተሳሳተው፣ ርቀቱ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ የገባው በ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ በርሊን ላይ ያንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ለተሰንበት ግደይ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ተማሪ ሳለች በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩጂን ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ይህን ለአጎቴ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ቀነኒሳስ?» አለኝ። አጎቴ ሞኝ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የወጣቶቹን ውድድር ተፎካካሪዎቹን ርቆ አሸነፈ፤ በዚያው ሻምፒዮና ከአዋቂዎች ጋር አጭሩን ርቀት ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። እንደዚህ ገና በጠዋቱ የሚያበራም አለ።

ደግሞ እኔው ራሴ የማልወደው ነገር አለ። ማሞ ተሸንፎ ኋላ አሸነፈ ማለት የተሸነፈ ሁሉ ኋላ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ተሸንፈው በዚያው የቀሩት ጋዜጣ ላይ አይጻፉም። እንጦጦ ላይ ግን አሉ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሆናቸው፣ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ያቋረጡ፣ ክለብ ያላገኙ፣ «በሚቀጥለው ዓመት» እያሉ አሥር ዓመት የሮጡ። ከነሱ አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ ያልወሰደው ዋንጫ አልነበረም፤ «ትንሹ ኃይሌ» እንለው ነበር። ያን ጊዜ የያዘው ሰው ከትልልቆቹ ጋር እኩል ያስሮጠው ነበር፤ ጠዋትም ማታም፣ እሑድም ሳይቀር። አሸናፊ ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ልጁን ማሳረፍ አይወድም። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው እግሩ አበጠ፣ ዳነ፣ እንደገና አበጠ። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ካልሲ ይሸጣል። ሰፈሩ «ቀረ» ይለዋል፤ እኔ ግን ሰፈሩ ራሱ አስቀረው እላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ላይ የምናጨበጭብለት ነገር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የጎረመሰ ሰውነት ነው፤ ሌሎቹ ሲጎረምሱ ልዩነቱ ይጠፋል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በሁለተኛው ቅዳሜ አሠልጣኙ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ። «ቤት ውስጥ ምን ትበላለች? ከምግብ በኋላስ ምን ትጠጣለች?» ነገሩ እንዲህ ነው። ከግንቦት ወዲህ ልጅቷ ደክማለች። ዳገቱ ላይ ልቧ ይመታል፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል። እናቴ «ዓይን ወግቷት ነው» ብላ ማርያም ጸበል ወስዳታለች። እሱ ደግሞ መስከረም ላይ ክሊኒክ ልኳት ኖሯል፤ ደሟ ሲታይ ደም ማነስ ተገኘባት። ወር በወር ደም የሚፈስሳት ሴት ልጅ በዚያ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ስትሮጥ፣ ደም የሚሠራበት አይረን የሚባለው ማዕድን ያልቅባታል። ውድድሩ የነበረው ዐቢይ ጾም እንዳበቃ ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ አልቀመሰችም። በዚያ ላይ እኛ ቤት ምግብ እንዳለቀ ሻይ ይቀዳል። ሻይና ቡና ደግሞ ከምግብ ጋር ሲገናኙ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ጹሚ አትጹሚ አላላትም። ምስሩን አብዢ፣ ሎሚ ጭመቂበት፣ ሻዩን ከምግቡ አርቂ አላት። ክሊኒኩ የሰጣትን ኪኒንም ትውጣለች፣ ጸበሉንም ትጠጣለች። እናቴ ለየትኛው ምስጋና እንደምታቀርብ አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ አስቡት። ሦስት ወር ሙሉ ቤት ተሰብስቦ የተሟገተበት አርባ አንደኛነት የታመመ ሰውነት ውጤት ነበር!

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ቡድኑ ሊጨርስ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ልጅቷ ከሰልፉ ወጥታ ቆመች። «ቅልጥሜን አሞኛል» አለችው። እኔ አፈርኩላት፣ እሱ ግን ደስ አለው። ሌላዋ ልጅ ያንኑ ሕመም ሁለት ሳምንት ደብቃ አሁን ወር ተኝታለች አለኝ። «ሕመሟን የምትናገር ልጅ ትሰነብታለች። እኔ የምፈልገው የምትሰነብት ነው።» ከዚያ ሌላ የሚያየው የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲደክማት ትከሻዋ ይነሳል ወይስ አይነሳም? በተሸነፈች ማግስት ትመጣለች ወይስ ትቀራለች? ትተኛለች ወይስ ሌሊቱን ስልክ ላይ ናት? ልጅቷ ከግንቦቱ ውድድር ማግስት ከሁሉ ቀድማ መጥታ ነበር። ይህን እኛ ቤት ማንም አያውቅም፤ እንደተሸነፈች ብቻ ነው የምናውቀው።

«ታዲያ ይሆናታል?» አልኩት ለመጨረሻ ጊዜ። «አላውቅም» አለኝ። «ዘንድሮ ከአምናዋ ትሻል እንደሁ አያለሁ። ከደራርቱ ጋር አላወዳድራትም።»

ኅዳር መግቢያ ላይ ለእናቴና ለአጎቴ የነገርኳቸው ይኸንኑ ነው። አንድ ዓመት ስጧት፤ የማታ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ ደሟ በየጊዜው ይታይ፣ ጥር ላይ አንድ ክለብ ማጣሪያ ስላለው እሱን ትሞክር አልኩ። ክለብ ከገባች ደመወዝ አላት፣ ኦሊምፒክ ባትሄድም ራሷን ትችላለች። አጎቴ «ቪዛው ዓመት አይጠብቅም» አለ። ልክ ነው፣ አይጠብቅም። አንድ ዓመት ማለት ለኛ ቤት የእንቁላሉ፣ የጫማው፣ የታክሲው ወጪ ነው፤ ከዓረብ አገር የሚላከውም ገንዘብ ይቀራል። ያን ጊዜ ነው እስከዚያች ሰዓት ልጅቷን ራሷን ማንም እንዳልጠየቃት ያስተዋልነው። ከጓዳ ተጠርታ መጣች። «እኔ ደራርቱን እሆናለሁ አላልኩም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ደህና ሆኜ ሮጬ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ደህና ሆኜ ልሩጥ።» እናቴ ተነስታ ወጥ ልታማስል ገባች። እኛ ቤት ይሄ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አንድ ነገር ላክልላችሁ። ልጁ ገና ዳገቱን ከመልመዱ «ማናጀር ነኝ፣ ውጭ ውድድር አለ፣ ለፕሮሰስ ትንሽ ገንዘብ አምጡ» የሚል ሰው ይመጣል። እውነተኛ ማናጀር የሚበላው ሯጩ ከሚያሸንፈው ላይ ነው፤ ሯጩ ሳይሮጥ ከእናቱ መቀነት ፈትቶ አይወስድም። የኛዋም ጋ ባለፈው ሳምንት አንዱ መጥቶ ነበር። ከጥር በኋላ ና ብላዋለች።