ፍራንክፈርት በወረቀት፣ አማኑኤል በተገኘው ጎማ

እዚህ ፍራንክፈርት አሮጌ የስፖርት ሞተር ያለው ሰው የጎማ ቁጥር ለመለወጥ ሲያስብ ከመፍቻው በፊት የሞተሩን ሊብሬ ያወጣል። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አማኑኤል ከተማ ያለው ባለ ሞተር ደግሞ በቀጥታ ሱቅ ሄዶ «የትኛው ቁጥር አለ?» ይላል። ውጭ የምንኖር ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ሥልጣኔ፣ ሁለተኛውን ዝርክርክነት አድርገን እናወራለን። እኔ ሁለቱንም ሳይ ነገሩ እንደዚያ አይመስለኝም።

ከዚህኛው ልጀምር። የምነዳው ካዋሳኪ ጂፒዜድ 900 አር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ የዋለ፣ «ቶፕ ገን» ፊልም ላይ ቶም ክሩዝ የነዳው ዓይነት። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የፊት ጎማ 120/80-16፣ የኋላው 130/80-18 ነው። በዚያ ዘመን ባለ 16 ኢንች የፊት ቸርኬ የውድድር ሞተር ፋሽን ነበር፤ ሞተሩ ቶሎ ይታጠፋል ተብሎ። በኋላ ዓለም ወደ 17 ኢንች ዞረ። አሁን ጥሩ የስፖርት ጎማ ለባለ 16 መፈለግ ድካም ነው። ስለዚህ ቁጥር መቀየር ለብዙዎቻችን ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ እየሆነ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ ከባድ አይደለም። 120 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 80 ደግሞ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ እዚህ 96 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 16 የቸርኬው ኢንች ነው። ላይና ታቹን ከቸርኬው ጋር ስንደምር ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 598 ሚሊ ሜትር ግድም ይመጣል። አሁን 120/70-17ን አስሉት፦ 600 ሚሊ ሜትር። ቸርኬው በአንድ ኢንች አደገ፣ የጎማው ቁመት ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ጨመረ። ካዋሳኪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንኑ ሞተር ወደ ባለ 17 የፊት ቸርኬ ሲያዞረው የሞተሩ አቋም ያልተናጋው ለዚህ ነው።

ችግሩ ያለው ኋላ ነው። ሰው ሁሉ የአዲስ ሞተር መልክ እንዲኖረው ወፍራም ጎማ ያምረዋል። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ግን አፉ እንደታሰረ ስልቻ መሃሉ ይቆለላል፤ መንገዱን የሚነካው ክፍል ይሰፋል ሲባል ይጠባል። ቸርኬውም አብሮ ተቀይሮ 160/60-17 ቢገባ የጎማው ቁመት ከ665 ወደ 624 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ያ ማለት የሞተሩ ኋላ 20 ሚሊ ሜትር ግድም ይቀመጣል፣ የፊት ሹካው ይበልጥ ይጋደማል፣ ሞተሩ ኩርባ ላይ ይሰንፋል። ካቴናው የጎማውን ጎን መብላቱም ይከተላል።

ጀርመን ይህን ሁሉ በወረቀት ነው የሚይዘው። የተፈቀደው መጠን ሊብሬው ላይ ተጽፏል። በየሁለት ዓመቱ ምርመራ አለ፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ቲዩቪ የሚባለው የምርመራ ድርጅት ጋ ሄደን ነው። ቁጥሩ ከሊብሬው የሚለይ ጎማ በመርማሪ ታይቶ መጽደቅ አለበት። ሳያስጸድቁ መቀየር የሞተሩን የመንገድ ፈቃድ ያሳጣል፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ጥያቄ ያነሳል።

አሁን ወደ አማኑኤል። የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ። አስፋልቱ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚገባው መንገድ ግን በጋ ኮረኮንች፣ ክረምት ጭቃ ነው። እዚያ የስፖርት ሞተር አታገኙም። ሥራውን የሚሠሩት ባጃጅ ቦክሰርና የመሥሪያ ቤት ያማሃዎች ናቸው፤ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ከኋላ ሁለተኛ ሰው፣ አንዳንዴም 50 ኪሎ ማዳበሪያ ይጭናሉ።

የቦክሰር የተለመደ ጎማ ፊት 2.75-17፣ ኋላ 3.00-17 ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ላይ ስፋቱ የሚጻፈው በኢንች ነው፤ 2.75 ማለት 70 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሱቅ ውስጥ የፊቱ ከጠፋ የኋላው ፊት ይገባል። ጭነት የሚያበዛ ሰው ደግሞ ለኋላ አንድ ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ፊት 3.00 ማስገባት የጎማውን ቁመት ከሁለት በመቶ ትንሽ በላይ ነው የሚጨምረው፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከፊት ጎማ ስለሚነዳ ንባቡ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ሞተሩን ግን አይጎዳም።

ጎሚስታውም ሳያስብ አይሠራም። አንዱን «ከዚህ የወፈረ ከኋላ አይገባም ወይ?» ብዬው ነበር። «መግባቱንማ ይገባል፣ ጋሼ። ክረምት ሲመጣ ግን ጭቃው የት ይሂድ?» አለኝ። ልክ ነው። ዋልካ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ከፓራፋንጎው ጋር ከተጣበቀ ጎማው መዞር ያቆማል። የጀርመኑ መርማሪ በጎማውና በሞተሩ አካል መካከል የሚፈልገውን ክፍተት እሱ በጭቃ ነው የሚለካው፤ ያውም ከመርማሪው አብልጦ።

አገር ቤት የማየው ክፍተት ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ጎማው ሲቀየር ከመነዳሪው አይቀየርም። ትንሹ ከመነዳሪ ትልቅ ጎማ ውስጥ ተለጥጦ ይሳሳል፤ ትልቁ ትንሽ ጎማ ውስጥ ይታጠፍና በእጥፋቱ ይቀደዳል። ሁለተኛ፣ የጎማው ዕድሜ አይታይም። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ አበባው አዲስ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል። ሦስተኛ፣ ለዓመታዊ ምርመራ የሚቀርብ ሰው ጎማው ማለቅ አለማለቁ ነው የሚያስጨንቀው፤ ቁጥሩን ከቸርኬው ጋር የሚያስተያይ አላየሁም። ቦሎ መለጠፉ ጎማው ለቸርኬው ልክ ነው ማለት አይደለም።

የኔ ፍርድ ይኸው ነው። ቁጥር መቀየር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ፋብሪካውም ቀይሮታል። ወረቀቱ የሚጠቅመው ልኬቱን እንዳንረሳ ስለሚያስገድደን ነው። ወረቀት በሌለበት ግን ልኬቱን ራሳችን መያዝ አለብን፦ የቸርኬው ስፋት፣ የጎማው ቁመት፣ ዙሪያውን ያለው ክፍተት። ሦስቱም በሜትር የሚለኩ ናቸው።

ለክረምት እረፍት አገር ቤት ለምትገቡና «ለወንድሜ የሞተር ጎማ ልውሰድለት» ለምትሉ፦ ከመግዛታችሁ በፊት የአሮጌው ጎማ ጎንና ቸርኬው ላይ የተመታው ቁጥር ፎቶ ይላክላችሁ። ከጎማው ጋር ልኩን የያዘ ከመነዳሪ ግዙ። ሰፊውንና የሚያምረውን ተዉት፤ የማቻከል ጭቃ አይወደውም።