ልኬን ሸርቆሌ አገኘሁት

እኔ ሸርቆሌ ከርሜ መመለሴ ነው። ይህን ስለው አንዱ ወዳጄ “ሸጎሌ ሄደህ ነው እንዲህ የጠፋኸው?” ብሎ አሾፈብኝ። ሸጎሌማ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስሙ ግን ከዚያው አገር የመጣ ነው፤ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን መኖሪያቸው እዚያ ስለነበረ ሰፈሩ በእሳቸው ተጠራ። የኔው ሸርቆሌ ሌላ ነው። አሶሳ በአውሮፕላን ትወርዱና፣ በማንጎውና በቀርከሃው መሃል፣ በሆሞሻ በኩል ወደ ሱዳን ድንበር አቅጣጫ ትነዳላችሁ። ሙቀቱ እየበረታ፣ አማርኛው እየሳሳ፣ በርታኛውና ዓረብኛው እየበዛ ሲመጣ ደርሳችኋል ማለት ነው።

እኔ የሄድኩት ለጉድጓድ ውሃ ሥራ ነበር፤ አራት ወር። ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሸሚዝ ነው። አትሳቁ! በአንድ ሸሚዝ የተነሳ ከወንድሜ ጋር እስከ መጨረሻው ልንለያይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዋሽንግተን ነው የሚኖረው። አባታችን ካረፉ በኋላ በቤቱ ጉዳይ ተቀያይመን ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። ታዲያ አንድ ማታ፣ ኔትወርኩ ብልጭ ሲል፣ በቴሌግራም እንዲህ የሚል መልእክት ገባልኝ። “ወንድምጋሼ፣ አዲስ አበባ መጥቼ ላገባ ነው። በአባታችን ቦታ የምትቆመው አንተ ነህ። የቤተሰቡ ወንዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሸሚዝ እንለብሳለን፣ በኢንተርኔት በልክ ላሰፋ ነው፤ ልክህን ላክልኝ።”

ወንድምጋሼ! ከሰማሁት ሦስት ዓመቴ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምን አደረግሁ? ድሮ ካሰፋሁበት ደብተር ላይ ቁጥሮቹን ገልብጬ ላክሁለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሹ ስንፍና ነበር፣ ግማሹ ደግሞ ቂም።

ሸሚዙ በመንገደኛ አዲስ አበባ ገባ፤ አሶሳ ድረስም ላኩልኝ። ለበስኩት። ኮሌታው አንገቴ ላይ አልገጥም አለ። እጅጌው ክርኔን አለፍ ብሎ ቆመ! ፎቶውን ስልክለት ወንድሜ ደወለ። “ሆን ብለህ ነው አይደል?” አለና ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ፣ እግዜር ይወቀው። ለሠርጉ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።

የሰፋው ቤት ስሙ ይቅር። ጥፋቱ የኔም ነው። ግን አስቡት፤ አንገት 36፣ ደረት 108 ብዬ ስጽፍ “ይህ ሰው እንዴት ያለ ፍጡር ነው?” ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የጻፍኩትን ተቀብሎ ቆረጠና ሰፋ። ይስተካከልልን ስንል ደግሞ “የላካችሁት ልክ ነው” አለን።

በነጋታው ሾፌራችን፣ የሆሞሻ ልጅ ነው፣ ነገሬን ሰምቶ ሳቀና “ና፣ አንድ ሰው አለ” ብሎ ገበያ ወሰደኝ። በዚያ አካባቢ ከእኤአ 1997 ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ አለ። በ2011 ደግሞ በሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው ድንበሩን ተሻግሯል። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ከእነዚያ አንዱ ናቸው። በረንዳ ላይ፣ በእግር ከምትረገጥ የስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው ዝንጅብል የገባበት ቡና ይጠጣሉ።

“ያ ሀጅ፣ ልኬን ይውሰዱልኝ” አልኩ፤ ሾፌሩ አስተረጎመ። የቴሌግራሙን ፎርም ሳሳያቸው ሳቁ።

“ያ ኡስታዝ፣ ይህ ወረቀት እጅጌ ከየት እንደሚጀምር አይናገርም እኮ!”

ለካ ጉዱ እሱ ነው! የኛ ሰፊዎች እጅጌን ከትከሻ ጫፍ ነው የሚለኩት። ብዙ የአሜሪካ ሸሚዝ ቤቶች ግን ከማጅራት መሃል ይጀምራሉ። በሁለቱ መካከል ከሃያ ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ልዩነት ሊኖር ይችላል። የኔ እጅጌ የጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ሽማግሌው እያንዳንዱን ቦታ ሁለት ሁለቴ ለኩ። አንገቴ ላይ ሜትሩን ሲያዞሩ ሁለት ጣታቸውን ከስር አስገቡ። የእጅ ሰዓት በማስርበት በግራ አንጓዬ ትንሽ ላላ አደረጉ። ሆዴ ጋ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ሳብኩት፤ እሳቸው ምንም ሳይሉ ሜትሩን እንደያዙ ትንፋሼ እስኪወጣ ጠበቁኝ። ከዚያ “ሠርጉ ላይ ትጨፍራለህ?” አሉኝ። ሾፌሩ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ እስክስታ ምን እንደሆነ አሳያቸው። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ቁም ነገራቸው ነበር። የብብቱ ቀዳዳ ወደ ታች ከሰፋ፣ ክንድ ሲነሳ ሸሚዙ ሁሉ ከሱሪ ይመዘዛል። ቀዳዳው ከፍ ብሎ፣ ጀርባው ትንሽ ሰፋ ሲል ነው ክንድ ብቻውን የሚነሳው።

በመጨረሻ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። “ቀኙ ወርዷል። ይህንንም ጻፍ።” እኔም ጻፍኩ።

ወንድሜ በዚህ ጊዜ ሌላ ቤት መረጠ። እንግዲህ እናንተም ብታዙ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ቢያዝላችሁ፣ ከዚህ ጣጣ የተማርኩት ይህ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች ሞልተዋል፤ በ2007 እኤአ ካናዳ ውስጥ የተመሰረተውና በልክ ሱፍና ሸሚዝ የሚሰፋው ኢንዶቺኖ አንዱ ነው፤ የኛ ታሪክ ግን እሱን አይመለከትም። አብዛኞቹ ከዜሮ አይቆርጡላችሁም። የተዘጋጀ ንድፍ አላቸው፤ እሱን በናንተ ቁጥር ያስተካክሉታል። ስለዚህ ያልጠየቁትን ነገር አያስተካክሉም።

መጀመሪያ የጥያቄያቸውን ብዛት እዩ። አምስት ቁጥር ብቻ ከሚቀበለው ይልቅ ስለ ትከሻ ቁልቁለት፣ ስለ አቋቋም የሚጠይቀው፣ የፊትና የጎን ፎቶ የሚያስልከው ይሻላል። እያንዳንዱ ልክ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ በሥዕል ያሳይ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ካልሆነ እንደገና ይሰፋል ወይ? በጽሑፍ ይሁን። ብዙ ሸሚዝ ሆኖም አይታዘዝ፤ አንድ ብቻ ይሰፋና ታጥቦ ይለበስ፣ ቀሪው ከዚያ በኋላ። ንጹህ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ለዚያ ትርፍ መተዉን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ኢንችና ሴንቲ አይደበላለቅባችሁ፤ የ16 ኢንች አንገት 40 ሴንቲ ከግማሽ ግድም ነው። ደግሞ ራሳችሁን በራሳችሁ አትለኩ። ሜትር ከአንገቱ የማይወርድ ሰው በየመንደሩ አለ፤ እሱ ይለካችሁ።

አዲሱ ቤት ቁጥሮቹንና ፎቶዬን አይቶ ለወንድሜ ጥያቄ ላከ። የቀኝ ትከሻው መውረድ እውነት ነው ወይስ አቋቋሙ ነው? ወንድሜ ደወለልኝ።

“ወንድምጋሼ፣ ትከሻህ መቼ ነው የወረደው?”

“አባባን ከአልጋ ሳነሳ ተጎድቼ ነው” አልኩት። “በመጨረሻው ዓመት።”

ዝም አለ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ “ሃሎ?” አልኩ። “አለሁ” አለኝ። “አልነገርከኝም እኮ።” “አልጠየቅከኝም” አልኩት። የዚያን ማታ ካርዱ እስኪያልቅ አወራን። ስለ ቤቱ ግን አንድ ቃል አላነሳንም።

ሸሚዙ ለሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ኮሌታው ገጠመ፤ እጅጌው አንጓዬ ላይ አረፈ፤ ትከሻዬም ቀጥ ያለ መሰለ። በአባታችን ቦታ ቆሜ መረቅኩ፣ ከዚያም እስክስታ ወረድኩ። ሸሚዜም ከሱሪዬ አልወጣም። የቤቱ ነገር ገና አልተቋጨም፤ ግን አሁን በየሳምንቱ እንደዋወላለን።

ሽማግሌው ደግሞ፣ ከአሶሳ ገዝቼ በወሰድኩላቸው ጥጥ አንድ ሸሚዝ ሰፍተውልኝ ነበር። ፎርም የለ፣ ፎቶ የለ፤ በሁለት ቀን አለቀ። ይህን ስጽፍላችሁ የለበስኩት እሱን ነው። በቸር ያገናኘን።