የትምህርት ቤታችን ሰሌዳና እኔ

ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ከሙጫ ጋራ መጣላት አይገባውም ይባል ይሆናል። እኔ ግን ተጣልቼ ተሸንፌአለሁ። ሽንፈቱም በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ተማሪዎቼ እያዩ ስለ ሆነ ልሸሽገው ብል አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ ሰሌዳ ዝጎ ስሙ የማይነበብ ሆኖ ስለ ነበር በአዲስ እንዲለወጥ ተወሰነ። ኮሚቴ ተባለና ሦስት ሰዎች ተመረጥን፤ ሁለቱ በስብሰባ ቀን ብቻ የሚታዩ ነበሩና ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። «ሙጫና ቀለም የኬሚስትሪ ነገር ነው» አሉኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ እንዲህ ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ሰሌዳው የሚሠራው በየሕንፃው ፊት ከምናየው፣ ሠራተኞች ክላዲንግ ከሚሉት ዝርግ ነው። ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በመካከላቸው ፕላስቲክ ይዘዋል፤ ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከጀርባው በኩል በማሽን ቦይ ይወጣለታል። ቦዩ የኋላውን ቅጠልና አብዛኛውን ፕላስቲክ ይቆርጣል፤ የፊተኛውን ቅጠል ግን አይነካም። ከዚያ በኋላ እንደ ካርቶን በእጅ ይታጠፋል፤ አራቱም ጠርዞች ሲታጠፉ የተገለበጠ የሻይ ትሪ ይመስላል። ውበቱ ከፊት ለፊት ስፌትም ምስማርም አለመታየቱ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ምስማር ከሌለ ትሪውን ከኋላው ካለው የቱቦላሬ ብረት ጋራ ምን ይይዘዋል?

ሥራውን የተቀበሉት ባለሙያ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። «መምህር፣ እርስዎ ከፈቀዱልኝ በጎንና በጎኑ ሪቬት እመታበታለሁ፤ ከኋላ ደግሞ ለስለስ ያለ ማጣበቂያ በመስመር በመስመር አደርግለታለሁ» አሉኝ። ሪቬቱን አልወደድሁትም፤ በሰሌዳው ጎን ላይ እንደ ብጉር ሆኖ ታየኝ። «ለስለስ ያለ» የሚሉትንም ናቅሁት። የሚያጣብቅ ነገር ምን ለስላሳነት ያሻዋል? አዲስ አበባ ወርጄ መርካቶ ገባሁና ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞርሁ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የጥንካሬ ቁጥር ሳነጻጽር ዋልሁ። ከሁሉ የበለጠው በሁለት ቱቦ የሚሸጥ፣ እኩል በእኩል የሚደባለቅ ኢፖክሲ ነበር። ገዝቼ አመጣሁ። ባለሙያው አገላብጠው አዩት፤ «እንግዲህ የተማረ ያውቃል» አሉና አጣበቁት።

ሰሌዳው በጥቅምት ተሰቀለ፤ ጥቁር ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ፊደል። ያየው ሁሉ አመሰገነ። እኔም በበሩ ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ ማየቴ አልቀረም።

በታኅሣሥ አንድ ጧት፣ ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ አድሮ ፀሐይ ገና ስትሞቅ፣ ወደቀ። ከበሩ ሥር አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁት ዘበኛችን፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ለአንድ ባጃጅ በር ሊከፍቱ በተነሡበት ቅጽበት ነበር። 16 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ትሪ በጠርዙ ወንበሩ ላይ አረፈ፤ የሻይ ፔርሙሳቸው ተሰባበረ። አባባ «ተመስገን» ብለው ስብርባሪውን መልቀም ጀመሩ። እኔ ግን ጉልበቴ ከድቶኝ ግንቡን ተደገፍሁ።

ቅጣቱ የወረደው በባለሙያው ላይ ነው። ርእሰ መምህሩ «የማይረባ ሥራ ሠርቶብናል» ብለው ያልተከፈለውን ቀሪ ገንዘብ አገዱ። ሁለት ቀን ዝም አልሁ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አላጣሁም፤ ማጣበቂያው በደንብ ሳይቀባ ቀርቶ ይሆናል እል ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ወደ ሥራ ቤታቸው ስሄድ ሚስታቸውን በር ላይ አገኘኋቸው፤ የቤት ኪራይ ቀን መድረሱን እንዲያው ለወግ ያህል ጠቀሱልኝ። ከዚያ ተመልሼ ቢሮ ገባሁና ማጣበቂያውን የመረጥሁት፣ ሪቬቱንም የከለከልሁት እኔ እንደ ሆንሁ ተናገርሁ። ርእሰ መምህሩ ብዙ ዝም ብለው «ታዲያ የሁለተኛውን ዝርግ ማን ይከፍላል?» አሉ። ከደመወዜ በሦስት ወር ተቆረጠ፤ የባለሙያው ገንዘብም ተለቀቀ።

ባለሙያው ይህን በሰሙ ጊዜ «መምህር» ማለታቸውን ትተው «ልጄ» አሉኝ፤ «እርስዎ»ም ቀረ። «ና፣ የወደቀውን አብረን እንየው» አሉኝ። ቱቦላሬውን ገልብጠን ብናይ ኢፖክሲው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ብረቱ ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ግራጫ ቀለም ተለጥፎበታል። የዝርጉ የጀርባ ቀለም ነበር! ሙጫው አልለቀቀም፤ ቀለሙ ከአሉሚኒየሙ ተላቆ አብሮ መጣ እንጂ። ማንም ማጣበቂያ ከተለጠፈበት ልባስ ይልቅ ሊጠነክር እንደማይችል ለተማሪዎቼ ባስተምር ኖሮ ደንበኛ ጥያቄ ይሆን ነበር።

ቀለሙን ያላቀቀው ደግሞ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ነው። ያን ቀን ማታ በወረቀት ላይ አሰላሁት። አንድ ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 0.024 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጥቁር መደብ ያለው ሰሌዳ ከውርጭ ሌሊት እስከ ቀትር 40 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 2.44 ሜትር የሚሆነው ዝርጋችን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ብረቱ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ። በየቀኑ አንዱ ሌላውን ጥሎ ይሄዳል፤ በመካከላቸው ያለው ኢፖክሲ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። «ለስለስ ያለ» ማለት ይህ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ በቁጥር መምረጥ ቀረ። ከዝርጉ ቁርጥራጭ ከብረት ጋራ እያጣበቅን ጣራ ላይ ለሳምንት አሰጣናቸው፤ ማታ ማታ ውሃ አፈሰስንባቸው። የእንጨት ኮላው በሁለት ብረት መካከል ውሃው መውጫ አጥቶ አልደረቀም። ሱፐር ግሉ በጥፍር ሲነኩት ቷ ብሎ ተላቀቀ። ማስቲሹ ቀትር ላይ ለስልሶ ተንሸራተተ። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ጥሩ ያዘ፤ ነገር ግን ሲደርቅ የሚተፋው አሲድ ሥራ ጀምሮ ከሥሩ ያለው ብረት ቡናማ ሆኖ ተገኘ። ለብረት የሚሆነው የማይሸተው ዐይነት ነው። በሁለት በኩል የሚለጠፈው ቴፕ አስደነቀኝ፤ ብቻ በደብረ ብርሃን ጧት ብርድ አልለጠፍም ብሎ ዝርጉን ፀሐይ እስኪያሞቀው አስጠበቀን። የወደድነው ፖሊዩሬቴኑን ነው። ሲስቡት ይሳባል፤ ሲለቁት ይመለሳል። በኀይል ሲገነጠልም ገሚሱ በዚህ፣ ገሚሱ በዚያ ቀረ፤ ባለሙያው የሚፈልጉት ምልክት ይኸው ነበር።

ለአዲሱ ሰሌዳ የጀርባውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን፣ በአልኮል ጠረግን፤ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት እያስቀረን በመስመር በመስመር አደረግነው። እንደ ቅቤ ሁሉን ቢቀቡት መካከሉ አይደርቅም፤ ይህ ማጣበቂያ የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየሳበ ነውና። አየሩ ብርድና ደረቅ ስለ ነበር ሳምንት ሙሉ ተጋድሞ ቆየ። ሪቬቱም ተመታ፤ ከመንገድ ሆኜ ስፈልገው አጣሁት።

ሰሌዳው ከተሰቀለ ሁለት ክረምት አልፎታል። ለአባባ አዲስ ፔርሙስ ገዝቼላቸዋለሁ። ወንበራቸውን ግን ከበሩ ማዶ፣ ፀሐይ ዘግይታ ወደምትደርስበት ግንብ ሥር አዛውረውታል፤ ተመለሱ ብላቸው ይስቁብኛል።